ሦስተኛዋ ሽቦ

ታዴ፣ የቤቴ ምሰሶ፣ እንዴት ሰነበትክ ልበልህ ወይስ ምን ልበልህ? ከተለየኸን ሰባት ወር አለፈ። ሙት ዓመትህ ገና ነው፤ እኔም ጥቁሬን አላወለቅኩም። መልስ ላክልኝ ብዬ አላስቸግርህም። በቁምህም ብዙ አታወራም ነበር፤ እኔ ስለፈልፍ አንተ ካቻቢቴህን በጥርስህ ነክሰህ "እም" ትለኝ ነበር። ዛሬም "እም" እንዳልከኝ ቆጥሬ ልቀጥል።

መጀመሪያ የሚያስቅህን ልንገርህ። ተማሪ ሆኛለሁ። አዎ፣ እኔ አስቴር፣ በዚህ ዕድሜዬ አዲሱ ኮሌጅ ገብቼ የኤሌክትሪክ ሥራ እየተማርኩ ነው። እንዴት እንደገባሁ ብትጠይቀኝ ለራሴም በቅጡ አልገባኝም። አንተ ከሄድክ በኋላ የማንያታ ሰፈር ሰው የተበላሸ ሬዲዮና ቻርጀር ይዞ መምጣቱን አልተወም። ዕቃ ጠጋኙ ፉንዲ የለም ስላቸው "ፖሌ ሳና ማማ" ብለው ያጽናኑኝና ዕቃውን ጠረጴዛህ ላይ ትተውት ይሄዳሉ፤ ከቀብር ተመልሰህ የምትሠራላቸው ይመስል። እህትህ ዘነቡ መሣሪያዎቹን እንሽጣቸው አለች። ፒንሳህ በሌላ ሰው እጅ ላይ ታየኝና እምቢ አልኳት። በማግስቱ እግሬ ኮሌጁ በር ላይ አደረሰኝ።

የምትመዘግበው ልጅ ከኋላዬ ተማሪውን ትፈልጋለች። ልጅሽ የታለ አለችኝ በስዋሂሊ። ተማሪዋ እኔ ነኝ ስላት አንዴ ጥቁር ልብሴን፣ አንዴ ፊቴን አየችና ልብስ ስፌት በዚያ በኩል ነው ብላ በእጇ አመለከተችኝ። የምማረው ስቲማ ነው፣ ኤሌክትሪክ፣ ስላት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አታንሳብኝ። ደወል ሲደወል ሁሉም ይሮጣል፤ እኔም አብሬ እሮጣለሁ፤ ወዴት እንደሆነ ግን አላውቅም። አንድ ጠዋት እንዲሁ ሮጬ የገባሁት ፀጉር ሥራ ክፍል ነው። ተነስቼ መውጣት አፈርኩና እስኪያበቃ ድረስ ስለ ፀጉር ቅባት ተማርኩ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ፣ ቀልዱ በስዋሂሊ፣ ሐሜቱ በኦሮምኛ ነው፤ እኔ ብቻ በአማርኛ እደናገራለሁ። ምሳ ጊዜሪ ነው፤ በቆሎና ቦሎቄ። አንተ የፈረስ ቀለብ የምትለው። አሁን ለምጄዋለሁ፤ እንዲያውም ሲያልቅብኝ ይቆጨኛል።

ከጎኔ የምትቀመጠው ዳርሚ የቦሪ መንደር ልጅ ናት፤ አባቷ ከብት ያረባል። ቦረናዎች እናታቸውን እንደሚጠሩት "አዮ" ትለኛለች። ያልገባኝን ወደ ኦሮምኛ ትመልስልኛለች፤ እኔም የረዘመባትን ቱታ አሳጥሬ ሰፋሁላት። ለእኔም ሰማያዊ ቱታ ሰጥተውኛል። በጥቁሩ ላይ ደርቤ እለብሰዋለሁ፤ ሙቀቱን አትጠይቀኝ። ጠዋት ጠዋት መስተዋት ፊት እቆምና ምኔን እንደማይ ይጠፋኛል። ሐዘንተኛ ቤቱ ይቀመጣል፣ ተማሪ ይስቃል። ባለፈው ሰኞ ዳርሚ ያወራችው ነገር አስቆኝ ከት ብዬ ስስቅ ድንገት ደነገጥኩና የሚያውቀኝ ሰው አይቶኝ እንደሆነ ዙሪያዬን ቃኘሁ።

የቤቱንም ወሬ ልጨምርልህ። ስትረግመው የኖርከው መንገድ አስፋልት ለብሷል። መለዋወጫ ልታመጣ ኢሲዮሎ ሄደህ በሎሪ ስትመለስ፣ እስከ ቅንድብህ አቧራ ሆነህ፣ እኔን ለማስጮህ ልታቅፈኝ የምትሮጠው ትዝ ይልሃል? ዛሬ ሰው ልብሱን ሳያራግፍ ከአውቶቡስ ይወርዳል። መብራቱ ግን እንደ ድሮው ከድንበሩ ማዶ፣ ከአገር ቤት ይመጣል፤ እንደ ድሮውም ሲያሰኘው ይሄዳል። ልጃችን ማርታ ሁለተኛ ደረጃ ገብታለች። ቁመቷ አንተን ወጥቷል፤ ዝምታዋም ጭምር።

እንግዲህ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ይህን ደብዳቤ ወዳስጻፈኝ ነገር ልግባ።

በሁለተኛው ሳምንት ወርክሾፕ አስገቡን። ምዋሊሙ፣ አስተማሪያችን፣ የሜሩ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ። ጠረጴዛው ላይ ሰው ቤቱ የሚጠቀምበትን ሁሉ ደርድሮታል፤ ካውያ፣ ምድጃ፣ ከማዶ የመጣች፣ መሰኪያዋ ባለ ሁለት እግር ሬዲዮም አለች። ግድግዳው ላይ የእኛው ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ተገጥሟል። እስቲ ማማ፣ ይህቺን ሬዲዮ ሰኪልን አለኝ። ለካ የዚህ ከተማ ሰው እንዴት እንደሚሰካ ለማየት ኖሯል። እኔም አላሰብኩበትም። አንተ ስታደርግ እንዳየሁት እስክሪብቶዬን በላይኛዋ ቀዳዳ ጠቅ አደረግኩና፣ የታችኞቹ ሲከፈቱልኝ ሬዲዮዋን ሰክቼ ኮራ ብዬ ዞርኩ። ድንበር ላይ ያደገ ሰው ይህን ለመማር ኮሌጅ አያስፈልገውም። ግማሹ ክፍል ሳቀ፤ ግማሹ እኛም ቤት እንደዚሁ ነው አለ።

ምዋሊሙ አልሳቀም። ሄዶ ዋናውን ማጥፊያ አጠፋና ሶኬቱን ፈቶ ጀርባውን አሳየን። የላይኛዋ ቀዳዳ በር መክፈቻ አይደለችም አለ። ከኋላዋ ሽቦ አለ፤ ሽቦዋ ወርዳ መሬት ውስጥ ትቀበራለች። ሬዲዮ ፕላስቲክ ነው፤ አካሉ ብረት የሆነ ዕቃ ግን ኮረንቲ አምልጦ ብረቱን ቢይዘው በዚያች ሽቦ አድርጎ ወደ መሬት ይወርዳል። ሽቦዋ ከሌለች የነካው ሰው ሽቦ ይሆናል። ለምሳሌ ፍሪጅ አለ። ወለሉ እርጥብ ከሆነ ደግሞ ከባድ ነው አለ። ለምሳሌ ነው ያለው፣ ታዴ። ስለ እኛ ምን ያውቃል?

ዳርሚ ቶሎ ቶሎ ወደ ኦሮምኛ ትመልስልኛለች፤ እኔ ግን መጀመሪያውኑ ገብቶኛል።

ጋሽ በየነ ሆቴሉን ሲከፍት መስመሩን የዘረጋህለት አንተ ነህ። አብራችሁ ከደጋ የመጣችሁ፣ ወንድሜ የምትለው ሰው ነው፤ የእጅ ዋጋ እንኳ አልተቀበልከውም። መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ለፍሪጁ ሶኬት ሁለት ሽቦ ብቻ ሳብክና ክዳኑን ገጠምክ። ይቺ ሦስተኛዋ ቀዳዳስ ብዬ ጠየቅኩህ። ይቺማ ለጌጥ ናት አልከኝ፤ ከማዶ በሁለት ነው የሚኖሩት፣ ሰው ሞተ እንዴ አልከኝ። ሳቅን።

የሞትክ ዕለት የሆነውንና ከዚያ በኋላ ያላየኸውን ልንገርህ። በየነ ፍሪጁ ይነዝራል ብሎ አስጠራህ። ወለሉ ገና መታጠቡ ነበር። አንተ እንደ ልማድህ ሳታጠፋ ነካ አድርገህ ልታየው እጅህን ሰደድክ፤ በዚያው ቀረህ። ዘነቡ፣ ወንድሜን የበላ ቤት ብላ ጮኸች፤ ፍሪጁ እንደሚገድል እያወቀ ጠርቶ አስነካው አለች። በየነ ለለቅሶው ምግብ አሠርቶ፣ በሴቶች አሸክሞ ሲመጣ ከድንኳኑ በር መለሰችው። የለቅሶ ምግብ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ አንተ አታጣውም፤ ገዳይ ነህ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ወገን ሆቴሉን የረገጠ የለም። ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እሱ ራሱ አንገቱን ደፍቶ በሌላ በኩል ይዞራል።

ያን ዕለት ከወርክሾፕ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ቤት ገብቼ ፎቶህ ፊት ቆምኩ። ልሰድብህ ነበር የመጣሁት፤ ሳይህ ግን ሆዴ ባባ። ምነው አንዲት ሽቦ ብትስብ ኖሮ እልሃለሁ፤ ደግሞ መልሼ ማን አስተማረውና እላለሁ። ያኔ ኮሌጁ የለ፣ መንገዱ የለ፣ ሁሉን በዓይንህ አይተህ፣ በጣትህ ነካክተህ ነው የተማርከው። እሺ፣ አንተስ ይሁን፤ በየነስ? ዝም ብል ሰውየው ገዳይ እንደተባለ ሊሞት ነው። ብናገር ስምህ ይጠፋል፤ ለማርታ ከስምህ ሌላ ምን ተውክላት? ኮሌጁን ረገምኩት። ባልገባ ኖሮ እንደ ሰው ሁሉ ቀኑ ደርሶ ነው ብዬ አርፌ እቀመጥ ነበር። በቃኝ ብዬ ቀረሁ፤ ቱታውንም አጥፌ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ዳርሚ በቦዳቦዳ ሞተር ቤቴ ድረስ መጣች። ነገሩን ሁሉ ነገርኳት። ብዙ አልመከረችኝም። እኛ ዘንድ ከብት ሲጠፋ ያየ ሰው አላየሁም አይልም አለችኝና ሻይዋን ጠጥታ ሄደች።

ቅዳሜ ለምሳ በየነ ሆቴል ገባሁ። ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አሳላፊዋ ልጅ እኔን ማስተናገድ ፈርታ ወደ ጓዳ ሮጠች። በመጨረሻ ጋሽ በየነ ራሱ በሳህን ምግብ ይዞ መጣ። አስቀምጦ ሊሄድ ሲል ተቀመጥልኝ አልኩት። የሶኬቱን ነገር ነገርኩት፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ነበር፣ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ፣ ጋሽ በየነ፣ አንተ የለህበትም አልኩት። ባልን በጓደኛው ፊት መውቀስ እንዲህ ይከብዳል ብዬ አላሰብኩም።

አውቃለሁ አለኝ።

ከአርባህ በኋላ ከኢሲዮሎ ፉንዲ አስመጥቶ አስፈትሾት ኖሯል። ሰውየው ክዳኑን ፈቶ ያለችውንና የሌለችውን አሳይቶታል። ታዲያ ይህን ሁሉ ወር ስትሰደብ ለምን ዝም አልክ አልኩት። የፉንዲ ስም ለሚስቱና ለልጁ እንጀራቸው ነው አለኝ። እኔ ቢሰድቡኝም ሻይ መሸጤን አላቆምኩ፤ ታደለ ግን ከመቃብር ወጥቶ አይመልስላቸው፤ እኔም ወንድሜን ሙቶ አልወቅሰውም አለኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ አለቀስኩ። ከዚያ እጄን ታጥቤ፣ ያን ጊዜ የመለስንበትን ምግብ በላሁለት። አጠገቤ ተቀምጦ እስክጨርስ አልተነሳም።

ሽቦዋን አስገብቷታል፤ አሳየኝ። አረንጓዴና ቢጫ ናት።

ሰኞ ቱታዬን ለብሼ ተመለስኩ። አሁንም ደወሉ ሲደወል ወዴት እንደምሮጥ ዳርሚን አይቼ ነው። ንዴቴ አልወጣልኝም፤ ናፍቆቴም አልወጣልኝም። ሁለቱ በአንድ ሆድ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ አልገባኝም፤ ምዋሊሙም ይህን አያስተምርም። ለዘነቡ እነግራታለሁ፤ ከየት እንደምጀምርላት ግን ገና አላወቅኩም። በሙት ዓመትህ ጋሽ በየነ ምግብ አሸክሞ ይመጣል። ድንኳኑ በር ላይ ቆሜ የምቀበለው እኔ ነኝ፤ ይህን ብቻ አውቃለሁ።

አልረሳህም፣ ታዴ። ግን ፎቶህን እያየሁ ብቻ አይደለም የማስታውስህ። መስመር የዘረጋህባቸውን ቤቶች ከማንያታ እስከ ጎዶማ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ፤ በሁሉም መሰላል ይዤልሃለሁ። ትምህርቴን ስጨርስ ፒንሳህን ይዤ ቤት ለቤት እዞራለሁ፤ ከራሳችን ቤት እጀምራለሁ። በየቤቱ የምጨምረው አንዲት ሽቦ ነው። ምን ጎደለው ብለው ሲጠይቁኝ፣ ምንም፣ ታደለ ሳይጨርሰው የሄደ ሥራ ነው እላቸዋለሁ።

መሰላል ያዥህ፣
አስቴር