የጋሽ ዊስቲን ጓሮ

አስካልዬ፣ ካርዱ ትንሽ፣ ወሬዬ ብዙ ስለሆነ ሰላምታውን ወደ ታች ገፍቼዋለሁ።

አከራዬ ጋሽ ዊስቲን ለውሃ ማጠራቀሚያ ጓሯቸውን ሲቆፍሩ የጥንት ሰዎች ምድጃ ብቅ አለ፤ ዙሪያውን የቀንድ አውጣ ዛጎል ተቆልሎበታል። እዚህ ማልታ ደግሞ የጥንት ነገር ከወጣ ቁፋሮ ይቆማል። ሚስታቸው እትዬ ጁዛ «አፈር መልስበትና አፍህን ዝጋ!» ቢሏቸውም ጎረቤት በመስኮት አይታ ኖሮ፣ ግራዚዬላ የምትባል የቅርስ ባለሙያ ከች አለች።

ጋሽ ዊስቲን ደማቸው ፈላ። «ሮማዊው መጣ፣ ሄደ! ዓረቡ መጣ፣ ሄደ! ፈረንሳዩም እንግሊዙም ሄደ! ጓሮዬን የነካ የለም። አንቺ ልትወስጂብኝ ነው?»

«ኧረ አባባ፣ ማን ይወስድብዎታል? ማጠራቀሚያውን ትንሽ ፈቀቅ ማድረግ ነው። ከላይ ያለው ዛጎል የቅርብ ጊዜ ነው።»

«የእናቴ ነው።»

«ከሥር ያለው ግን ከፈርዖኖች በፊት ተበልቶ የተጣለ ነው።»

ጋሽ ዊስቲን ፊታቸው በራ። እትዬ ጁዛም ለእርቁ በነጭ ሽንኩርት የተሠራ ቀንድ አውጣ በሳህን አመጡ። አዎ፣ እኛ ከጎመን ላይ እየለቀምን የምንወረውረውን! እኔም ለምጄዋለሁ፤ ለእማዬ እንዳትነግሪ። ጋሽ ዊስቲን አንዱን መጠጡና ዛጎሉን ጉድጓዱ ውስጥ ወረወሩት።

«አባባ! ቅርሱ ላይ?» ብላ ጮኸች ግራዚዬላ።

«የኔ ልጅ፣ ከፈርዖን በፊት ጀምረን እዚሁ ነው የምንጥለው። ዛሬ ምን ተገኘና ላቁም?»

ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ፣ ልጆችሽን እቅፍ አድርጊልኝ። ግራዚዬላ ዞር ስትል አንድ ዛጎል እኔም ጥያለሁ።

ፍሬሕይወት