በሙሉ ድምፅ ስለመረጥናቸው ተቃዋሚ

ለተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሪፖርት ተቀባዮች፣
ባላችሁበት፤

የጽሕፈት ቤታችሁን ሙሉ ስም ያልጻፍኩት በድፍረት እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ዓመት በአሮጌው ስማችሁ የላክነው ደብዳቤ «አይመለከተንም» ተብሎ ስለተመለሰ፣ በአዲሱ ስማችሁ የላክነው ደግሞ ማህተሙ ገና አልተቀረጸም ተብሎ ተቀባይ ስላጣ፣ ዘንድሮ በሥራችሁ ብጠራችሁ ይሻላል ብዬ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከረማችሁ? ወገባችሁስ? የሕዝብ ወረቀት ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ ስታዛውሩ የምትውሉ ሰዎች ናችሁና፣ መድኃኔዓለም ወገባችሁን እንዲያጠናላችሁ ሁሌም እለምናለሁ። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ የምንገኝ የ«ተጋገዝ» የገንዘብ ቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር አባላት፣ ለመታመምም ቅጽ ሳይኖረው አይቀርም ብለን ስለፈራን፣ ደህና ነን።

ካሳነሽ ሀብተማርያም እባላለሁ። አየር ጤና የመኪና መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ ከዚያ በተረፈኝ ጊዜ ያለ ደመወዝ የማኅበሩ ጸሐፊ ነበርኩ። ነበርኩ ያልኩት አሁን የእናንተ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። የወር፣ የሩብ ዓመት፣ የግማሽ ዓመትና የዓመት ሪፖርት፣ እንዲሁም ሪፖርት ለምን እንደዘገየ የሚያስረዳ ሪፖርት የምጽፈው እኔ ነኝ። ደንበኛ የፍሬን ሸራ ሲጠይቀኝ የቅጽ ቁጥር እስከ መንገር ደርሻለሁ።

ወደ ቅሬታዬ ከመግባቴ በፊት ወይዘሮ ዘመነችን ላስተዋውቃችሁ። ቀራንዮ ውስጥ የተማሪ ዩኒፎርም የምትሰፋ አባላችን ናት። የዓመት እንጀራዋ የሚገኘው በእንቁጣጣሽ ሰሞን ነው። ዘንድሮ አንድ የሰፈር ትምህርት ቤት የሁሉንም ተማሪዎች ዩኒፎርም እንድትሰፋ ስለሰጣት፣ ጨርቁን ነሐሴ ላይ ለመግዛት ብድር ጠየቀች። ቁጠባዋን አንድም ወር አዛብታ አታውቅም፣ ዋስም አቅርባለች፣ ኮሚቴውም ተስማምቷል። የጎደለው የእናንተ ፈቃድ ብቻ ነበር፤ ዓመታዊ ሪፖርቱ ያልጸደቀለት ማኅበር አዲስ ብድር እንዳይሰጥ አዛችኋልና።

እነሆ ቅሬታዬ። በቁጥር ያደረግሁት ያልተቆጠረ ነገር እንደማታነቡ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፣ ስለ አሜን። ማኅበራችን ከተቋቋመ ጀምሮ ጉባኤያችን የሚወስነው በአንድ መንገድ ነው። ጉዳዩ ይነሳል፤ ያልተስማማ ይናገራል፤ እስኪስማማ ይለመናል፤ ልመናው አንዳንዴ ምሳ ያሳልፈናል። በመጨረሻ ሽማግሌያችን አቶ ገብረወልድ ተነስተው ውሳኔውን ይመርቁታል፣ እኛም አሜን እንላለን። ከአሜን በኋላ ነገር የቆሰቆሰ ሰው አላየሁም። ሐምሌ ላይም ኮሚቴውን በዚሁ መንገድ መርጠን፣ እኔ ሞኟ የሆነውን እንደሆነው «ሁሉም አሜን ብሏል» ብዬ በቃለ ጉባኤው ጻፍኩ። ሪፖርቱን ከነቃለ ጉባኤው ስትመልሱልን፣ አሜን የድምፅ አሰጣጥ ዓይነት አለመሆኑንና የድጋፍ፣ የተቃውሞና የድምፀ ተአቅቦ ቁጥር ተለይቶ መቅረብ እንዳለበት በሸኚ ደብዳቤ አስተምራችሁናል። ለትምህርቱ እናመሰግናለን። አቶ ገብረወልድ ግን አሜን ዋጋ እንደሌለው ሲሰሙ ክፉኛ ደንግጠዋል፤ በእጃቸው ስንት ሰርግ እንደተመረቀ እናንተ አታውቁም።

ሁለተኛ፣ ስለ ዜሮ። ጥፋታችንን አርመን ድጋፍ ሁሉም፣ ተቃውሞ ዜሮ ብለን ተመልሰን መጣን። ባለሙያችሁ አዲሱ የኮምፒውተር ቅጽ በተቃውሞ ቦታ ዜሮ እንደማይቀበልና «ያልተሟላ» እንደሚል በትሕትና ነገሩን። በትሕትና ያልኩት ከስልካቸው ቀና ብለው ስለነገሩን ነው። ተቃዋሚ ከሌለን ታዲያ ምን እናድርግ ብንል፣ ይህ የማኅበሩ የውስጥ ጉዳይ ስለሆነ ጽሕፈት ቤቱ እጁን እንደማያስገባ አስታወቁን። ነፃነታችን ይህን ያህል ሲከበር በማየታችን ኮርተናል።

ነሐሴ እየገፋ ነበርና አስቸኳይ ጉባኤ ጠርተን ተቃዋሚ መረጥን። የተመረጡት አቶ መሸሻ ናቸው። አቶ መሸሻ ማለት የሚኒባስ ረዳት መልሳቸውን ቢያስቀርባቸው «ቸግሮት ይሆናል» ብለው የሚወርዱ፣ በዕድርም በሰንበቴም እንቢ ሲሉ ተሰምተው የማያውቁ ሰው ናቸው። የመረጥናቸውም ተቃውሞውን ያለ ቂም ይሸከሙታል ብለን ነው። አቶ ገብረወልድ ተነስተው «ተቃውሞህን የሰመረ ያድርግልህ» ሲሉ መረቁ፤ ከሁላችንም ጮክ ብለው አሜን ያሉት አቶ መሸሻ ነበሩ። ይህን የመጨረሻውን ቃለ ጉባኤው ላይ አላሰፈርኩትም፤ ከእናንተ መማር ጀምሬያለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ አቶ መሸሻ ቅሬታ። ቅጹ አንድ ተቃዋሚ አግኝቶ ደስ አለው፤ እናንተን ግን ደስ አላላችሁም። በማኅበሩ ውስጥ አለመግባባት መኖሩ ከሪፖርቱ ስለተረጋገጠ ጉዳዩ እስኪጣራ ማጽደቁ እንዲቆይ፣ ተቃዋሚውም ቀርበው እንዲያስረዱ፣ እስከዚያውም ለማንም ዋስ እንዳይሆኑ ጻፋችሁ። የወይዘሮ ዘመነች ዋስ ማን መሰሏችሁ? እሳቸው ናቸው። አቶ መሸሻ የክት ኮታቸውን ለብሰው ቀረቡ። ምን እንደሚቃወሙ ተጠየቁ፤ አሰቡ፤ ምንም እንደማይቃወሙ ተናገሩ። ይህም ከቀድሞ አቋማቸው ጋር የሚጋጭ ቃል ተብሎ ተመዘገበና፣ ተቃውሟቸውን የተዉት በማን ተጽዕኖ እንደሆነ የሚገልጹበት ሌላ ቅጽ ተሰጣቸው።

ከዚያ ሲመለሱ ወደ ሱቄ መጡ። ካርቶን ላይ ተቀምጠው፣ ያቺ ሴት በእሳቸው ምክንያት እንዳትጎዳ የሚቃወሙትን አንድ ነገር እንድፈልግላቸው ለመኑኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በእናንተ እስቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን አዘንኩ፣ ተናደድኩም። ይህን ሰው ነገረኛ ያደረግነው እናንተና እኔ ነን።

አራተኛ ቅሬታ የለኝም። ቅጻችሁ ባዶ ቦታ የማይወድ ከሆነ ግን የፈለጋችሁትን ሙሉበት።

ነሐሴ አለቀ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ወይዘሮ ዘመነች አራጣ አበዳሪ ዘንድ ሄደች። ሰውየው ቃለ ጉባኤ አልጠየቃትም። ቤቷ የት እንደሆነና የስፌት መኪናዋ ይሠራ እንደሆነ ብቻ ጠይቆ፣ ብሩን እዚያው ቆጥሮ ሰጣት። ጨርቁ የተገዛው ዘግይቶ ነበርና ትምህርት ቤቱ ከሥራው እኩሌታውን ለሌላ ሰፊ ሰጠው። ያገኘችው ወለዱን እንኳ ስላልሸፈነ መኪናዋ መያዣ ተብሎ ሄደ። የእናንተ ማጽደቂያ የደረሰን ጥቅምት ላይ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ደግሞ ውሻው እንኳ የሚጮኸው ሸኚ ደብዳቤ ሳይጠብቅ ነው። ማኅበራችን የተቋቋመው አንድም አባል የዚያን ሰው በር እንዳያንኳኳ ነበር፤ በሩ ድረስ የሸኘናት ግን እኛው ነን።

ቁጥጥር ይቅር የምል ሰው አይደለሁም። ገንዘብ ያዡ ተሰውሮ የተበተነ ማኅበር አይቻለሁ፤ እንኳን እናንተ ሌላ ተቆጣጣሪ ቢጨመር አልጠላም። የምለምነው ከእናንተ አንዱ በሚቀጥለው ጉባኤያችን መጥቶ አግዳሚ ላይ እንዲቀመጥና ሰው ተከራክሮ ሲስማማ ምን እንደሚመስል በዓይኑ እንዲያይ ብቻ ነው። የውሎ አበሉን ከፈለገ እናዋጣለን።

ጊዜያችሁን ሠውታችሁ ይህን ካነበባችሁ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ ካላነበባችሁትም የጎደለ ነገር አለ ብላችሁ ስለማትመልሱልኝ ምስጋናዬ ይበልጣል። በመስኮታችሁ ፊት እጅ እየነሳሁ፣ በሦስት ቅጂ እየተሰናበትኩ፣

የዘወትር አክባሪያችሁ
ካሳነሽ ሀብተማርያም
የ«ተጋገዝ» ማኅበር ጸሐፊ፣ አየር ጤና

ግልባጭ፦
ለአቶ መሸሻ፣ ለተቃውሞ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ከፈረምኩ በኋላ ወይዘሮ ዘመነች ማኅበሩን ለቃለች። የስፌት መኪናዋን የምታስለቅቀው ቁጠባዋን አውጥታ ስለሆነ እንድትቆይ ማንም እንዳይለምናት ለመነችን፤ እኛም አልለመንናትም። መሰናበቷን የሚያሳውቀውን አንድ ገጽ ጠዋት ወስጄላችሁ፣ ከምሳ በፊት ማህተም አርፎበት «የተሟላ» ተብሎ ተመለሰልኝ። ጸሐፊ ከሆንኩ ጀምሮ በመጀመሪያ ቀኑ ያለቀልኝ ወረቀት ይህ ብቻ ስለሆነ፣ ለቅልጥፍናችሁ በአባላቱ ስም አመሰግናለሁ።