ከሳቁ በኋላ ስለተባለው ነገር

ለክብርት ወይዘሮ ሮዌና ትሬሎር
የደቡብ ኮከብ ቴሌቪዥን የፖለቲካ ዜና ዋና አዘጋጅ
ካንቤራ

ክብርት ሆይ፣

ይህ ግልጽ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በሰላም፣ መብራትዎን ሳይጠፋ፣ የስልክዎን ኔትወርክም እስከ ላይ ሞልቶ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። የመጨረሻውን ምኞት እንደ ቀልድ እንዳይቆጥሩብኝ አደራ፤ እኛ ዘንድ ሰው ለወዳጁ የሚመኘው ትልቁ ነገር እሱ ነው።

ብሪዮኒ ሃሎራን እባላለሁ። ባለፈው ዓመት መጨረሻ በጋዜጠኝነት ተመርቄ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ታልባራ ተመልሻለሁ። ታልባራ የት እንደሆነች ባያውቁ አይፈረድብዎትም፤ የጣቢያዎ ካርታ ራሱ በቀደም ከወንዙ ማዶ፣ በሌላ ወረዳ ውስጥ አስቀምጧት ነበር። የከተማችን ጋዜጣ ከተዘጋ ወዲህ ስለ አገራችን ይቅርና ስለ ራሳችን እንኳ የምንሰማው ከእርስዎ ዝግጅት ስለሆነ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ያለ አንዳች ምስጋና መቅረታችን እንቅልፍ ነስቶኝ፣ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ለማቅረብ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ በመስከረም መጨረሻ ስለ እኛ በመዘገብዎ አመሰግናለሁ።

ነገሩን ለረሱት አንባቢዎች በአጭሩ ላስታውስ። ባለፈው ጥር የሰደድ እሳቱ በባሕር ዛፉ ጫካ በኩል ወርዶ የኤሌክትሪክ ምሰሶዎቹን ሲጥል፣ ኮረብታችን ላይ ያለው የስልክ ማማ በባትሪ ጥቂት ቆየና ሞተ። «አሁኑኑ ውጡ» የሚለው የማስጠንቀቂያ መልእክት ስልኮቻችን ላይ የገባው በማግስቱ ጠዋት ነው። አመድ እየጠረግን ሳለ የሁላችንም ስልክ ባንዴ ጮኸ። ከኮረብታው ሥር ብቻቸውን የሚኖሩት ሽማግሌው አቶ አርቮ ኒየሚ ያንን መልእክት ሲጠብቁ መንገዱ ተዘጋባቸውና፣ ውሻቸውን ታቅፈው ከብት ማጠጫ ኩሬያቸው ውስጥ እስከ አንገታቸው ገብተው ነው የተረፉት። ሁለቱም እጆቻቸው ተቃጥለዋል። ዛሬም የሚኖሩት እዚያው ቤት ነው፤ ዛሬም የሚተማመኑት በዚያው ማማ ነው። በማማው ውስጥ ያለው ባትሪም ያው የጥንቱ ነው። በጋው ደግሞ ደጃችን ደርሷል፤ ሣሩ ደርቆ ከእግር ሥር መንኮሻኮሽ ጀምሯል።

እንግዲህ የምክር ቤት አባላችን ወይዘሮ ኢሌን ዱርካን ይህንኑ በምክር ቤቱ የጥያቄ ሰዓት ሚኒስትሩን በአደባባይ ሊጠይቁልን ቃል ገቡ። በዚያ ማክሰኞ ከተማው ሥራውን ጥሎ የቀጥታ ሥርጭቱን በቴሌቪዥን ሊያይ በመጠጥ ክበባችን ውስጥ ተሰበሰበ። ወይዘሮ ዱርካን ተነሥተው፣ እንደ ልማዳቸው በቀስታ፣ «የታልባራ ማማ ባትሪ ከበጋው በፊት ይቀየራል ወይ?» ብለው ጠየቁ። የመገናኛ ሚኒስትሩ ክቡር ግራንትሊ ቮስ ኮታቸውን እያስተካከሉ ተነሡና እንዲህ አሉ፦ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ በዚያ ወረዳ ባትሪው ያለቀ ነገር ካለ፣ ጥያቄውን የጠየቁት የተከበሩ አባል ብቻ ናቸው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ቻርጀር አምጡላት!» ብሎ ጮኸ። ከወዲያኛው ወገን ሌላው «አንተን የሰካህን ሰው ኮረንቲ ይዞታል!» ብሎ መለሰ። አፈ ጉባኤው ጠረጴዛቸውን እየመቱ ሚኒስትሩ ንግግራቸውን እንዲያነሱ አዘዙ። ክቡርነታቸውም ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ «አንስቻለሁ» አሉ።

ክብርት ሆይ፣ ይህችን «አንስቻለሁ» የምትባል ቃል በጣም እወዳታለሁ። አራት ዓመት ሙሉ ተምሬ እንደሷ ያለ ነገር አላጋጠመኝም። ሰው የተናገረውን ሁሉ እንደተናገረው ያስቀምጥና፣ ምንም እንዳልተናገረ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ስለ ቁጥብነትዎ አመሰግናለሁ። የሚኒስትሩ ንግግር ረዥም ነበር፤ እርስዎ ግን የተመልካቹን ጊዜ ላለማባከን ስድቡንና ሳቁን ብቻ ቆርጠው አስተላለፉልን። «አንስቻለሁ» የሚለው እንኳ ቦታ አላገኘም። ያንን ቁራጭ ጠዋት አየነው፣ ማታ አየነው፣ በስፖርቱ ዜና መሐል ባትሪው ካለቀ ቡድን ጋር ተዋሕዶ አየነው። እሑድ ዕለት አራት የተከበሩ ተንታኞች ተሰብስበው ስድቡ ሚኒስትሩን ይጠቅማቸዋል ወይስ ይጎዳቸዋል እያሉ እስኪደክማቸው ተወያዩ። ከአራቱ አንዳቸውም ባትሪው የምን ባትሪ እንደሆነ አልጠየቁም። እኔ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ቴሌቪዥኑን «የማማው! የማማው!» እያልኩ ስጮህበት እናቴ ገብታ «ማንን ነው የምትቆጪው?» አለችኝ።

ሦስተኛ፣ ወይዘሮ ዱርካንን ስላሠለጠኑልን አመሰግናለሁ። እኒህ ሴት ወደ ካንቤራ የሄዱት ነገር አብራጅ፣ በቀስታ የሚናገሩ የበግ አርቢ ሆነው ነበር። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ግን በሄዱበት ሁሉ የእርስዎና የባልደረቦችዎ ማይክሮፎን ተደቅኖባቸው «ለሚኒስትሩ ምን ይመልሳሉ?» ሲባሉ፣ መጀመሪያ ስለ ማማው ተናገሩ፤ አልተላለፈም። ደገሙት፤ አልተላለፈም። በሦስተኛው «ሚኒስትሩ መብራት የማይሰጥ ጀነሬተር ነው፤ ጩኸት ብቻ!» አሉ። ያኔ ተላለፈ፤ ያውም እንደ መጀመሪያ ዜና። ትምህርቱ ገብቷቸዋል ክብርት ሆይ። አሁን በየሁለት ቀኑ አዲስ ስድብ ይዘው ይመጣሉ፤ ስለ ማማው ግን ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

አራተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ስለሚከብደኝ ጥቂት ቢታገሡኝ።

ጣቢያዎ የሕዝቡን ስሜት ለማወቅ ጃስፐር የሚባል ወጣት ጋዜጠኛ ከካሜራ ጋር ልኮልን ነበር። አጎቴ ዴስ የበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቻችን አለቃ ስለሆነ ወደ እሱ ግቢ ወሰድኩት። ጃስፐር ከኪሱ አንዲት የእጅ ባትሪ ድንጋይ አወጣና «አቶ ዴስ፣ ይቺን ይያዙና ወደ ካሜራው ሣቅ ይበሉልኝ» አለው።

«ልጄ፣ ጥርሴን ልትቆጥር ነው ከካንቤራ ድረስ የመጣኸው?» አለው አጎቴ። «መጀመሪያ ያቺን ኮረብታ ቅረጻት።»

ከዚያም ተናገረ። አጎቴ ዴስ በሠርግ ላይ እንኳ ሦስት ቃል የማይናገር ሰው ነው፤ ያን ቀን ግን ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ተናገረ። የእሳት አጥፊዎቹ ሬዲዮ ሸለቆው ውስጥ እንደማይሰማ፣ በዚያ እሳት ስልኩ ሲሞት ገደሉ ጫፍ ላይ የነበሩትን ወጣት እሳት አጥፊዎቹን ተመለሱ ማለት እንዳቃተው፣ እነሱ በራሳቸው ጊዜ እስኪመለሱ ድረስ መኪናው በር ላይ ተደግፎ እንዴት እንደቆመ ነገረው። ጃስፐር ሳያቋርጠው ሰማው፤ በዚህ አላማውም። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ያን ጊዜ ለራስዎ ምን አሉ?» ሲለው፣ አጎቴ እጁን ወደ ኮረብታው ዘርግቶ ደረቅ ሳቅ ሳቀና «ምን ይባላል? ባትሪው አልቋል፣ በቃ» አለ።

ማታ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ያሳያችሁን ይህችን ብቻ ነው፦ የወይዘሮ ዱርካን ፎቶግራፍ፣ ቀጥሎ አጎቴ እየሳቀ፦ «ባትሪው አልቋል፣ በቃ።»

ወይዘሮ ዱርካን ከዚያ ወዲህ የአጎቴን ስልክ አያነሱም። እሱም ክበቡ ሲገባ ወጣቶቹ «ዴስ፣ ቻርጅ አለህ?» ስለሚሉት መምጣት ትቷል። ዓርብ ዓርብ በክበቡ ሥጋ የሚያሸልመውን ዕጣ የሚያወጣው እሱ ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው ያወጣዋል።

አምስተኛውን የምስጋና ምክንያት የነገሩን አቶ አርቮ ናቸው። እሳቸው ቴሌቪዥን የላቸውም፤ የምክር ቤቱን ውሎ በጎቻቸው በረት ውስጥ በሬዲዮ ነው የሚከታተሉት። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ በሁለተኛው ቅዳሜ ነዳጅ ሊቀዱ ወደ ከተማ መጡና ክበቡ በር ላይ ሆነው «ማመልከቻው ገባ አይደል?» አሉን።

«የምን ማመልከቻ?» አልኩ።

«የባትሪው ነዋ! ሚኒስትሩ የተናገረው። ለማማዎቹ ባትሪ ገንዘብ ተመድቧል፣ ወረዳዎች እስከሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ያመልክቱ አላለም? ትናንት አልነበር እንዴ?» ፊታችንን አዩ። «እናንተ ልጆች፣ ስታዩት አልነበረም እንዴ?»

ስናየው ነበር። ሚኒስትሩ «አንስቻለሁ» ካሉ በኋላ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ ያለ ስድብ፣ ትክክለኛ መልስ ሰጥተው ነበር። ወይዘሮ ዱርካን ግን ያኔ ቆመው እየጮሁ ነበር። እኛም ክበቡ ውስጥ እየሳቅን ነበር፤ አጎቴ ዴስ ራሱ ቢራው በአፍንጫው ወጥቶ፣ እኔ ጠረጴዛ እየደበደብኩ። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ለእርስዎ ልሰጥ አልችልም ክብርት ሆይ፤ ድርሻችንን ይዘናል። ልዩነታችን እኛ የሳቅነው አንድ ጊዜ መሆኑ ነው። እርስዎ ያንን መልስ በእጅዎ ይዘው፣ ያንን ቁራጭ በቆረጡ ቁጥር፣ መቀስዎን ሁልጊዜ ከሳቁ መጨረሻ ላይ አሳረፉት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሚኒስቴሩ ደወልኩ። አንዲት ትሑት ሴት አነሣችልኝ። «ቀኑ ያለፈበት ማመልከቻ የምናየው ችግሩ በሕዝብ ዘንድ የታወቀ መሆኑን የሚያሳይ የመገናኛ ብዙኃን ዘገባ ከተያያዘ ነው» አለችኝ። «ዘገባ አላችሁ?»

ከደስታዬ ብዛት ስልኩ ከእጄ ሊወድቅ ነበር። «ሞልቶ!» አልኳት። የጣቢያዎን ሥራ ሁሉ ሰብስቤ ላክሁላት። ከሰዓት በኋላ ራሷ ደወለች፤ ድምፅዋ ያዘነ ይመስል ነበር።

«እኅቴ፣ ሁሉንም አየኋቸው። እነዚህ እኮ ስለ ስድብ ናቸው። ስለ ማማ የሚል አንድም የለም?»

«አንድም የለም» አልኩ።

«እስከ መጪው ሐሙስ ልጠብቅሽ እችላለሁ። ከዚያ በላይ እኔም አልችልም።»

ስለ ታልባራ ማማ የተቀረጸ ነገር በዚህች አገር አንድ ብቻ አለ፤ እሱም እርስዎ ዘንድ ነው። አጎቴ ዴስ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ የተናገረው። ወደ ቢሮዎ ደጋግሜ ደውዬ «ያልተላለፈ ምስል ለውጭ ሰው አይሰጥም» የሚል እጅግ የሚያኮራ መልስ አግኝቻለሁ። አንድ ሰው የተናገረውን ልብ የሚነካ ቃል ማንም እንዳይሰማው እንዲህ በጥብቅ መጠበቅ የሙያው ሥነ ምግባር መሆኑን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ አልነገሩኝም ነበር።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ያንን ምስል ወይ ያስተላልፉት፣ ወይ ይላኩልኝ። ሙሉውን ካልሆነ ግማሹን። ግማሹም ከበዛ፣ ኮረብታውን የሚያሳየውን ብቻ። ከሐሙስ በፊት። አቶ አርቮ ኩሬያቸውን ሰሞኑን በአካፋ እያጠለቁ ነው። ምን እየሠሩ እንደሆነ ስጠይቃቸው «ዘንድሮ ትንሽ ጠልቆ ይሻላል፤ ውሻው አድጓል» ነው ያሉኝ። ይህን ስጽፍ የሚያስቅ ነገር ፈልጌ አጣሁበት፤ ይቅርታዎን።

አገሪቱ ከጩኸት በቀር ሌላ እንዳትሰማ ሌት ተቀን የሚደክሙትን ድካም ፈጣሪ ይቁጠርልዎ። ስልኬ በሚሠራባቸው ሰዓታት ሁሉ የእርስዎ ታማኝ ተመልካች፣ በማይሠራባቸውም ሰዓታት ስለ እርስዎ አጥብቃ የምታስብ፣

አክባሪዎ
ብሪዮኒ ሃሎራን
ታልባራ (ከወንዙ ወዲህ)

ተጨማሪ፦ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ክብርዎን የሚነካ ቃል አምልጦኝ ከሆነ፣ አንስቻለሁ። ማንሣቴን እንደተለመደው በጥንቃቄ እንደሚቆርጡት አልጠራጠርም። ለጀማሪ ጋዜጠኞች ባወጡት ክፍት የሥራ ቦታ ነሐሴ ላይ ያስገባሁት ማመልከቻ ግን ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ እሱን አላነሣሁም፣ አላነሣምም። ከሳቁ በኋላ የተባለውን የሚሰማ አንድ ሰው ቢሮዎ ውስጥ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁና። ለቃለ መጠይቅ የሚጠሩኝ ከሆነ ነፋስ በሌለበት፣ ማማው በሚሠራበት ቀን ይደውሉልኝ። በበጋው ከደወሉና ካላነሣሁ፣ ምክንያቱን ከሰው ሁሉ በፊት የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።