ተዘቅዝቆ የነበረው ጠርሙስ

እመት ጽዳት፣

መታጠቢያ ቤት እንዳትገቢ። ፊትሽን ወጥ ቤት ታጠቢ።

ቅርጫቱ ውስጥ በአፉ የተደፋው ጠርሙስ ወድቆ አልነበረም። እኔ ነኝ የዘቀዘቅኩት። የአባቴ ቤተሰብ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የሚጠምቀው ባለ አረፋ ወይን ጠጅ ነው። መጀመሪያ በኦክ እንጨት በርሜል ያስረጁታል፤ ከዚያ አተላው ቡሹ ላይ እንዲሰበሰብ ጠርሙሱን ዘቅዝቀው ቀስ እያሉ ያዞሩታል። በጭራሽ አይናጥም።

እኔ ማታ እዘቀዝቀዋለሁ፣ አንቺ ጠዋት ቀጥ አድርገሽ ታቆሚዋለሽ። ክረምቱን ሙሉ ስንንጠው ከረምን።

በመታጠቢያ ቤቱ መጋረጃ ከተኮራረፍን ወዲህ ከእኔ ጋር እልህ የተጋባሽ መስሎኝ ነበር። ለካ "ምስኪን፣ በየቀኑ ይወድቅባታል" እያልሽ ስታዝኚልኝ ኖረሻል። እህትሽ ናት የነገረችኝ።

ስለ መጋረጃው ሌላ ቀን እናወራለን። ሻምፖዬን ማን እንደጨረሰውም አልጠየቅኩም።

ዛሬ ጠዋት ቡሹ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። በብርድ ልብስሽ ጠቅልዬ ገንዳው ውስጥ አስተኝቼዋለሁ። የኔው ስስ ነው።
የግድ መግባት ካለብሽ ትልቁን ድስት ራስሽ ላይ ድፊ።

አባቴን ልቀበል አውቶቡስ ተራ ሄጃለሁ። የሚመጣው ወይኑን ሊቀምስ ነው። "አባባ" በይው፣ ጠርሙሱን ቀጥ አድርገሽ ያቆምሽው አንቺ መሆንሽን ግን ትንፍሽ እንዳትዪ። እኔ ነኝ እለዋለሁ።

ሳንደርስ ከፈነዳ ግድግዳውን እንዳትወለውዪ። እጅሽ እንደማያርፍ አውቃለሁ፤ ለዛሬ ብቻ ተይው።
አባባ ከግድግዳውም ቢሆን መቅመሱ አይቀርም።