ዝም ባልሁበት የተቆለፈው ጉድጓድ

ይድረስ ለእህቴ ለአሰገደች፣ ዲላ።

ጉድጓዳችንን ቆለፉብኝ። የቆለፉትም ወንድምሽ ዳኜ ተስማምቷል ብለው ነው። ውሸት ነው።

ሰላምታ ካስቀደምሁ ንዴቴ ይለዝባል ብዬ ነው ይህን በፊት የጻፍሁት። አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽ ዛሬም ዳገት ሲያይ ያጉረመርማል ወይስ ጸበሉ አሻለው? እንቅልፍሽስ? ዝናቡስ ጠብ አለላችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ዓይኔም ጥርሴም ለእኔ የሚበቃኝን ያህል አሉ። አገሩ ግን ደርቋል። ከኦቦና ከቦሪ መንደሮች ውሃ ፍለጋ የተነዱ ከብቶች መንገድ ዳር ወድቀው ቀርተዋል፤ ሽታቸው ገበያው ድረስ ይመጣል።

ነፍሱን ይማረውና ባለቤትሽ አጥናፉ ከእኔ ጋር የቆፈረው ጉድጓድ የሰፈራችንን የማንያታን ሰው ሲያጠጣ እንደ ኖረ ታውቂያለሽ። የውሃ ድርጅቱ ሥልጣን ቧንቧ መዘርጋትና ሒሳብ መሰብሰብ ብቻ ነበር። ዘንድሮ በማንም ግቢ ገብቶ ጉድጓድ እንዲመረምርና እንዲቆልፍ የሚፈቅድለት ደንብ ተረቀቀ። ምክር ቤቱ ረቂቁን የሚያይ ኮሚቴ ሰየመና ሕዝቡ ሐሳቡን እንዲሰጥ ጠራ። ሰብሳቢው ጃልደሳ ነው፤ ያ በእኛ ግቢ ውሃ እየጠጣ ያደገው። ዛሬ ዲዋኒ ሆኗል፤ የምክር ቤት ተመራጭ ማለት ነው።

እንግሊዝኛውን አስተማሪ ሳይኖረኝ እንደ ለቀምሁት ታውቂያለሽ። ረቂቁን አንቀጽ በአንቀጽ አነበብሁት። ውሃው ይመርመር የሚለውን ወደድሁት፤ የጎረቤታችን የጎሎ ልጅ ካልጸዳ ጉድጓድ ጠጥታ አልጋ ይዛ ነበርና። ያለ ዳኛ ትእዛዝ ይቆለፍ የሚለውን ግን ልቃወም ሄድሁ።

አዳራሹ ሞላ። ከእኛ ጉድጓድ የምትቀዳው ዳዶ ተነሥታ የድርጅቱን ሰዎች፣ “ቧንቧችሁ ያስላል እንጂ ውሃ አይተፋም። የጋሽ ዳኜን ጉድጓድ ከዘጋችሁ ሳላችሁን እንጠጣ?” አለቻቸው። ሰዉ ሳቀ። ሌሎቹም ተራ በተራ ተናገሩ፤ አንዱ ደገፈ፣ አንዱ ነቀፈ። እኔ ዱላዬን ተደግፌ ዝም አልሁ። የዚህን አገር የሸንጎ ወግ አልረሳሽውም፤ ታላቅ የሚናገረው ሁሉም ቃሉን ከጨረሰ በኋላ፣ ሰብሳቢው “እርስዎስ?” ሲለው ነው። ቀድሞ የሚናገር ታላቅ የታናናሾቹን አፍ ይዘጋል። በቦረናዎች መካከል የተከበርሁት ይህን ወግ አክብሬ ነው።

ጃልደሳ፣ ሌላ የሚቃወም ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። ዓይን ለዓይን ተያየን። እኔ እስኪጠራኝ ጠበቅሁ። እሱ ግን ወደ ጸሐፊው ዞሮ፣ “የሰፈሩ ሽማግሌ ዝም ብለዋል፤ ተስማምተዋል ማለት ነው” አለው። ብድግ ስል፣ “አባባ፣ ሰዓቱ አልፏል። በኮሚቴ ሕግ ዝም ያለ ሰው እሺ እንዳለ ይቆጠራል” አለኝ። ይህን ያለኝ ወጉን የማያውቅ የናይሮቢ ሰው ቢሆን ይቅር እለው ነበር። ጃልደሳ ግን ያውቃል። የገዛ አባቱ ከሰው ሁሉ በኋላ ሲናገር ሥሩ ቁጭ ብሎ ያየ ልጅ ነው።

ደንቡ ጸደቀ። ሰዎቹ መጥተው ክዳኑን በሰንሰለት አሰሩት። ውሃውን አልመረመሩም፤ ሽማግሌው ፈቅዷል አሉ፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ዳዶ ሰላምታ ነፈገችኝ። ባለሱቁ ባሺርም በደጁ ሳልፍ፣ “ጋሼ፣ ምላስዎን ለማን አከራዩት?” አለኝ። መንገዴን ቀጠልሁ። ያላጠፋ ሰው በየደጁ እየዞረ አላጠፋሁም አይልም።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ ጃልደሳ በሬ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ቁልፉን ይዟል። “ለእርስዎ ብቻ፣ አባባ፤ ለሌላ ሰው እንዳይቀዱ እንጂ” አለኝ። ውለታ መሆኑ ነው። “የዳዶ ልጆች ተጠምተው እኔ የምጠጣው ውሃ ከጉሮሮዬ አይወርድም። ወይ ለሁሉም ክፈት፣ ወይ ለእኔም ቆልፍ” ብዬው ገባሁ። አሁን ጄሪካኔን ይዤ ቦኖው ጋ ከዳዶ ኋላ እሰለፋለሁ። ዞራ አታየኝም። ውሃ ከመጣ እንቀዳለን፤ ካልመጣ ሁለታችንም ባዶውን ይዘን እንመለሳለን።

ይህን የምጽፍልሽ የአጥናፉ ላብ ያለበት ስለ ሆነ ነው። ዳኜ የባልሽን ጉድጓድ አሳልፎ ሰጠ የሚል ወሬ ከመንገደኛ ነጋዴ አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ ስሚው ብዬ ነው።

ልጅሽን ጌድዮንን ሰላም በዪልኝ፤ ሲጋራውን ተወው ወይስ አሁንም ከጓሮ ተደብቆ ያጨሳል? ሚስቱን እጅ ነሥቻለሁ በያት። ልጃቸውን ሳሌምን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ የላከችልኝን ሥዕል ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅየዋለሁ። በአጥር የምትዋሰኚያቸውን አሮጊትም ዳኜ እግዜር ያኑርዎት ብሏል በያቸው።

መልስ ስትጽፊ ስለ ጤናሽ ጻፊልኝ። ስለ ጉድጓዱ አትጠይቂኝ። ጃልደሳ ሽማግሌ ቢልክ፣ ዳዶ ራሷ መጥታ ብትጠይቀኝ፣ አንቺም ብትለምኚኝ፣ ይህን ነገር ከዛሬ ወዲያ አላነሣውም።

ወንድምሽ ዳኜ
ማንያታ፣ ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 19 ቀን 1998 ዓ.ም.