ሳልተረጉመው የቀረሁት

ጥቅምት 6፣ ማክሰኞ

የኢንተርኔቱ መስመር ዛሬም ሁለቴ ተቋረጠ። በኢንተርኔት ቋንቋችንን ከማስተምራቸው አንዷ፣ ነርሷ፣ "ጠጣሁ" ለማለት ስትታገል አፏ እንደተከፈተ ስክሪኑ ላይ ደርቃ ቀረች። ሳቄን ዋጥኩት። ከኋላዬ ያለው መጋረጃ መታጠብ አለበት። እነሱ የሚያዩት እሱን ብቻ ነው፤ ያልተነጠፈውን አልጋ ማን አየው?

ከሰዓት አቶ ለምን። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። "ለምን እንዲህ ይባላል? ለምን እንዲያ አይባልም?" ሲል ይውላል። አውቶቡስ ነጂ ነው፤ ፀጉሩ ወደ ኋላ የሸሸ ጎልማሳ። ገና ሕፃን ሳለ ለማደጎ ተሰጥቶ ባሕር ማዶ አደገ። ቋንቋችን ከአፉ ጠፋ። "አንድ ቃል እንኳ አልቀረልኝም" ነበር ያለኝ የመጀመሪያ ቀን።

ዛሬ አንድ ፎቶ ወደ ካሜራው አስጠጋ። አሮጊት ሴት። "እናቴ ናት" አለ። በኛው ቋንቋ፣ ሳይሳሳት። ሲያፈላልግለት የነበረው ሰው አገኘኋት ብሎታል።

ክፍለ ጊዜው ካለቀ በኋላ አለቀስኩ። እኔን ደግሞ ምን ነካኝ?

ጥቅምት 20፣ ማክሰኞ

ሰዓቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለቀ። "እናቴ፣ አልተቀየምኩሽም።" "አልተከየምኩሽም" ይላል። "ቀ! ከጉሮሮህ!" እለዋለሁ። ሳል እስኪይዘው ሞከረ። ተሳሳቅን።

"በቪዲዮ ልናወራ ነው። አስተርጓሚ አልፈልግም፤ በራሴ አፍ ነው የምነግራት። አንቺ ግን አጠገቤ ሁኚ። ምናልባት ቢጠፋብኝ..."

እሺ አልኩ። ምን ይከብዳል?

ኅዳር 2፣ እሑድ

ሦስት ፊት በአንድ ስክሪን። እሱ ከረባት አስሯል። እማማ መሐል፤ ስልኩን ጎረቤታቸው ይዛላቸው። እኔ ጥግ ላይ።

ዓረፍተ ነገሩን አለው። "እናቴ፣ አልተቀየምኩሽም። ለምን እንደሰጠሽኝ ግን ንገሪኝ።" አንዲት ፊደል አልሳተም።

እማማ እኔን ጠሩ።

"አንቺ ልጅ፣ የሱን ቋንቋ ትሰሚያለሽ?"

"አዎ፣ እማማ።"

"እንግዲያስ ንገሪልኝ። እኔ እናቱ አይደለሁም። የእናቱ ታላቅ እህት ነኝ። እሷማ እሱ በሄደ በዓመቱ አፈር ለበሰች። ፈላጊው መጥቶ 'እናቱ እርስዎ ነዎት?' ሲለኝ አዎ አልኩ። እናቴ ብሎ የሚጠራኝ ሰው አጥቼ ነው። እንዲህ አንጀቴን ሲበላው ግን... አልቻልኩም። ንገሪው፤ ይቅር ይበለኝ።"

በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። እሱ አልያዘውም። እንባው እየወረደ "ምን አለች? ምን አለች?" ይለኛል።

አፌን ከፈትኩ። ምን ወጣ? "ቸግሯት ነው የሰጠችህ። ሳታስብህ የዋለችበት ቀን የለም።"

ፊቱ እንደ ሕፃን ፈካ። "አመሰግናለሁ፣ እናቴ!" አላቸው።

እማማ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። "ነገርሽው?"

"...አዎ።"

"አውቆም እናቴ አለኝ?"

"አዎ፣ እማማ።"

ሁለቱም አለቀሱ። እኔ በመሐል።

ኅዳር 3፣ ሰኞ

በአንድ አፍ፣ በሁለት ቋንቋ፣ ለሁለት ሰው ዋሸሁ።

ኅዳር 11፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤቱ ክፍለ ጊዜዎቹን ሁሉ ይቀዳል፤ ተማሪው እንዲደግምበት። እንዴት ረሳሁት?

አቶ ለምን በዚያው መስመር ያደረግነውን የእሑዱን ንግግር አውቶቡሱ ውስጥ በየዕረፍቱ ያዳምጠዋል። "ቀስ አድርጌ፣ አንድ አንድ ቃል። ሁሉንም በራሴ ጆሮ መስማት እፈልጋለሁ" አለ። ቀጥሎ ምን ቢጠይቀኝ ጥሩ ነው?

"'አፈር ለበሰች' ምንድን ነው? አፈር አውቃለሁ። ለበሰች አውቃለሁ። ለምን አፈር ትለብሳለች?"

"እ... ድህነት ነው። ልብስ አልነበራትም ለማለት።"

ጻፈው። ባስተማርኩት ፊደል፣ ሳይቸኩል ጻፈው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ...

ኅዳር 13፣ ሐሙስ

እታለም መጣች። ታላቅ እህቴ አይደለች? በስልክ ድምፄን ሰምታ አላስችል ብሏት ነው። ነገርኳት።

"ንገሪው።"

"እንዴት ብዬ?"

"በአፍሽ ነዋ! ለውሸቱ ጊዜ አፍ ማን አበደረሽ?" ከዚያ ለስለስ ብላ፣ "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ እህቴ።"

እኔ እኮ የፈራሁት ንጋቱን ነው።

ለምን ዋሸሁ? ለሱ አዝኜ? ወይስ ያ ፊት በኔ አፍ ሲፈርስ ላለማየት? እንጃ...

ኅዳር 18፣ ማክሰኞ

ቀለማት አስተማርኩት። ቀይ፣ ጥቁር፣ ሰማያዊ። "ይህን እኮ ጨርሰናል" አለ ግራ ገብቶት። ክለሳ ነው አልኩት። ተማሪው እንዳይገባው የምታስተምር መምህር... ጉድ ነው።

የአውሮፕላን ትኬት ቆርጧል። እማማን ሊያያቸው ይመጣል። ለሳቸው የገዛውን ካፖርት ካሜራው ፊት ዘረጋልኝ። "ልኳ ይመስልሻል?"

"ልኳ ነው" አልኩ። ዛሬ ልነግረው ነበር የገባሁት።

ኅዳር 25፣ ማክሰኞ

ሰላምታ የለም።

"መምህሬ፣ 'እናቱ አይደለሁም' አለች።" በኛ ቋንቋ። ቀስ ብሎ፣ ቃል በቃል።

በራሱ ቋንቋ ቀጠለ። ቋንቋችንን የሚናገር ተሳፋሪ አግኝቶ "አፈር ለበሰች" ድህነት ነው አይደል ብሎ ጠይቆታል። ሰውየው ስቆ "ሞታ ተቀበረች ማለት ነው እንጂ!" አለው። ከዚያ ፊቱን አይቶ ሳቁን ተወ።

"ታውቂ ነበር?"

"አዎ።"

"ለምን?"

ስስቅበት የኖርኩት ቃል። "ስታለቅስ አይቼ... አላስችል ብሎኝ..."

"እናቴ ስትሞት ማንም አልነገረኝም። አሁን የሚነግረኝ ሰው አገኘሁ፤ እሱን ደግሞ አንቺ ቀማሽኝ።"

የሱ ምስል ጠፋ። ስክሪኑ ላይ የቀረው የኔ ፊት ብቻ።

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ

ከትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪ መልእክት። "ተማሪዎ መምህር ይቀየርልኝ ብለዋል። ምክንያት አልጠቀሱም።"

ምነው በከሰሰኝ!

ታኅሣሥ 9፣ ማክሰኞ

የእማማን ጎረቤት ስልክ ቁጥር ያኔ ለእሑዱ ቀጠሮ ይዤው ነበር። ደወልኩ። ጎረቤቷ ለእማማ አቀበለቻቸው።

"አንቺ ልጅ! ደህና ነሽ? ልጄስ? ምነው ድምፁ ጠፋ፣ ሥራ በዝቶበት ነው? አልጋ ተውሼለታለሁ። ቁመቱ እንዴት ነው? እግሩ እንዳይተርፍ ብዬ..."

ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ ሳላለዝብ። ያን ቀን እንዳልነገርኩት። እናቴ ያላቸው ሳያውቅ እንደሆነ። አሁን ግን እንዳወቀ። ይምጣ አይምጣ እንደማላውቅ።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማማ?" አልኩ።

"አለሁ።" ድምፃቸው ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። "እኔ እኮ... አውቆ ነው ብዬ... ያቺን ቃል ይዤ ነበር የምውል የማድረው።"

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ።"

"ምነው ይህንንስ ባልነገርሽኝ።"

ስልኩን ለጎረቤታቸው ሲመልሱ ተሰማኝ። ተዘጋ።

ከሰዓት ክፍል ነበረኝ። አልገባሁም። የነገውንም ሰርዤዋለሁ። የከነገ ወዲያውንም።