ለአንድ ክኒን ሰባት ስግደት

መጋቢት 12፣ ጧት 2 ሰዓት

ልጄ ወደቀች። ቢሮ ልሄድ ጫማዬን ሳስር ጓዳ ውስጥ ዷ የሚል ድምፅ። ሮጥኩ። አለምነሽ መሬት ላይ፣ ግንባሯ አፈር በአፈር። ውሃ ረጨናት፣ ዓይኗን ገለጠች። የዓይኗን ቆብ ገልብጬ አየሁ፦ ነጭ። ከንፈሯ ነጭ። ጥፍሯ ያው። ታዲያ ለደም ማነሷ የታዘዘው ክኒን ምን ሠራ? ዘጠኝ ቀን፣ በቀን ሁለት፣ 18 ውጣለች። 22 ይቀራል። አልተውም። ስማኝ አንተ ደብተር፣ አልተውም።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

ጣልያን ጥሎት በሄደ አሮጌ ማኪና ሆ/ል ወሰድኳት። ሐኪሙ ክኒኑ ይቀጥል፣ ትተኛ፣ ጉልበት አታውጣ አለ። በምን ታወጣለች? ት/ቤት ካስቀረኋት ወር አለፈ። ውሃ እንኳ አትቀዳም።

ደግሞ አስረዳኝ። ክኒኑ ከበሬ ጉበት የወጣ ነው። በሰው ጉበትም በተፈጥሮ ያለ ነገር ነው፣ የሷ አንሷል። ለነፍስ አባታችን ለቄስ ውበቱም ይኸንኑ ነበር የነገርኳቸው። ሰው በገዛ ጉበቱ ያለውን ይጾማል ወይ ብዬ። እሳቸው፦ ሁዳዴ ነው፤ ትዋጥ፣ ግን ለአንዱ ክኒን አባትየው 7 ይስገድ። ለ40 ክኒን 280። እምቢ አልኩ። መድኃኒት ኃጢአት አይደለም። አንዲትም አልሰገድኩ።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ስንዱ፣ እነዚያ ቤት በጾም በሬ በጠርሙስ ይታረዳል ትላለች አሉ። ትበል።

መጋቢት 14

የክኒኑን ጠርሙስ ከጓዳ ሳወርድ ከኋላው ጣሳ። ውስጡ ባቄላ። ቆጠርኩ፦ 18፣ እስከ ወደቀችበት ጧት የዋጠችው ልክ። እዚህ ቤት ከኔ ሌላ ማን ይቆጥራል? አለምነሽን ጠየቅኳት። እናቷ መሬት መሬት ታያለች። ኋላ ልጅቱ አወጣችው።

«አባዬ፣ አንቱ እምቢ ሲሉ ጊዜ እኔ ሰገድኩት። በኔ የተነሳ ዕዳ እንዳይኖርብዎ ብየ።»

በአንድ ክኒን አንድ ባቄላ። 126 ስግደት። ደም በሌለው ገላ፣ በባዶ ሆድ። ግንባሯ ላይ ያየሁት አፈር ይኸ ነው። እናቷ ታውቅ ኖሯል። ጮህኩባት። ከዚያ አፈርኩ። ልጄን የጣላት የኔው እምቢታ ነው።

መጋቢት 15፣ ጧት

ቤተ ክርስቲያን ግቢ ሄድኩ። ለቄስ ውበቱ የልጅቱን ነገር ነገርኳቸው፣ እሰግዳለሁም አልኩ። ኃጢአት ሠራሁ ብዬ አይደለም፣ ልጄ ስግደቱን ትታ እንድትተኛ ነው። በጉልበትህ ነው የምትሰግደው ባፍህ? አሉኝ። ሰው ፊት ሰገድኩ። ወ/ሮ ስንዱም አየች፣ ትይ። 40 ላይ ጉልበቴ እምቢ አለ።

ቄሱ አዘኑልኝ መሰል፣ የልጅቱ 126 ይያዝልህ አሉ። አልቀበልም አልኩ። የሷ ለራሷ ይጻፍላት፣ እኔ 280ውንም ራሴ እሰግዳለሁ።

«ምነው አንተ፣ ምሕረትም ሲሰጡህ ትከራከራለህ?» አሉኝ።

አዎ።

ባቄላውን ለእናቷ ሰጠሁ፣ ትቀቅለው። ክኒኑን በእጄ አጎረስኳት። ተኝታ ዋጠች።

የቀረ፦ 240 ስግደት።